ፍሪሲዮኑን ቀስ አርገህ ልቀቅ አባቴ

ሰላም ናችሁ? ከጠፋሁ ቆየሁ አውቃለሁ። ሶስት ወር ሙሉ መኪና ስፈልግ ነበር፣ መኪና ፍለጋ ደግሞ ለካ ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ ቀን ቢሮ ማታ ቴሌግራም፣ ቅዳሜ ከደላላ ጋር እሁድ ከመካኒክ ጋር፣ በቃ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ሊብሬና ሻንሲ ቁጥር ሆኖ ነበር።

የምፈልገው ለኔ አይደለም። ትልቁ ልጄ 18 ሞላው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ መንጃ ፍቃድ ተማረና አወጣ (አውቶሞቢል ለመንዳት ህጉ 18 ነው የሚለው፣ እሱ ደግሞ ልደቱን ብሎ ሳይሆን ለዚህ ብሎ ነበር ቀን ሲቆጥር የከረመው)። እናቴ ሰርቦ ነው የምትኖረው፣ የስኳርና የግፊት ክትትሏ ግን ጅማ ነው፣ በየወሩ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቃ መጥታ ታጭቃ ትመለሳለች፣ ባለቤቴ ስራው ቦንጋ ነው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚመጣው፣ እኔ ደግሞ በየጊዜው ማስፈቀድ ሰልችቶኛል፣ አለቃዬንም ሰልችቶታል መሰለኝ። የነበረችንን ኮሮላ ቤት ስንሰራ ሸጠናት ነበር። ስለዚህ መኪናዋ የቤቱ ናት ዋናው ሹፌር ግን እሱ ነው የሚሆነው፣ አያቱን ሊያመላልስ፣ እህቱን ትምህርት ቤት ሊያደርስ። እንግዲህ የ18 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ምን አይነት መኪና ነው የሚሰጠው?

ማንዋል ነው አልኩ፣ ፍሪሲዮኑን በግራ እግርህ እየረገጥክ ማርሹን በእጅህ የምትቀይረውን። ጭቅጭቁም የዛን ቀን ተጀመረ።

መጀመሪያ ልጄ ራሱ "እማዬ ማንዋል እኮ የሽማግሌ ነው" አለኝ። የተማረበትም የተፈተነበትም መኪና ማንዋል ሆኖ እኮ ነው እንደዚህ የሚለኝ፣ ግን አንዱ ጓደኛው የአባቱን አውቶማቲክ ይዞ ፈረንጅ አራዳ ላይ በአንድ እጁ መሪ ሲያዞር አይቶት ልቡ ሄዷል። ከዛ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ፣ እሱ ሲደውል ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው፣ "በዚህ ዘመን ማን ማርሽ ይቀይራል? መንግስት እንኳን በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል አይግባ ብሎ ከልክሏል፣ ከዚህ በኋላ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፣ ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም፣ ልጁን የሚጠፋ ሙያ ነው የምታስተምሪው" አለኝ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ዝም። ዝምታው "አንቺ የምትይው ይሁን፣ ነገር ግን ከተበላሸ እኔ የለሁበትም" ማለት እንደሆነ 20 ዓመት አብሬው ስለኖርኩ አውቃለሁ።

ወንድሜ ያለው ውሸት አይደለም፣ ኤሌክትሪኩ እየመጣ ነው፣ ጅማም ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ አጠገቤ ደርሶ ያስደነገጠኝ አለ። ግን መንገዱ ላይ ያለው መኪና እኮ በአንድ ቀን አይጠፋም። የገጠሩ ሃይሉክስ ማንዋል ነው፣ ላንድክሩዘሩ ማንዋል፣ ዶልፊኑ ማንዋል፣ አይሱዙው ማንዋል። ልጄ ግብርና ነው መማር የሚፈልገው፣ ቡና ላይ፣ ከልጅነቱ መልኮ ምርምር በኩል ባለፍን ቁጥር "እዚህ ነው የምሰራው" ይላል፣ ነገ ፊልድ ውጣ ቢሉትና ፒክአፑን ቢያቀርቡለት አውቶማቲክ ብቻ ነው የምችለው ሊል ነው? ማንዋል የለመደ ሰው አውቶማቲክ ላይ ቢወጣ ግማሽ ሰዓት ግራ እግሩ ፔዳል ሲፈልግ ይቆይና ይለምደዋል። የተገላቢጦሹ እንደዛ ቀላል አይደለም።

የኔን ነገር ልንገራችሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የኤንትሬ ሹፌር ነበር፣ ያቺ ተሳቢ የምትጎትተው ፊያት። ከጅማ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ፣ አንዳንዴም እስከ አሰብ ይወርድ ነበር። እኔን ያስለማመደኝ በጓደኛው ላዳ ነው፣ ማርሿ አራት ብቻ፣ ዘንጓ ረጅም፣ እንደ ገንፎ ነው የሚማሰለው። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ፍሪሲዮን ሁለቴ ያስረግጠኝ ነበር፣ አንዴ ወደ ዜሮ ስታወጪ፣ አንዴ ስታስገቢ፣ ላዳዋ ያን አትፈልግም፣ እሱ ግን ከኤንትሬ የለመደው እጅና እግር ነው። አንድ የሚደጋግማት ነገር ነበረችው፣ "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ።" የጊቤን በረሃ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ያውቃታል። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣሽው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ነው የምትወርጂው፣ ሞተሩ ይዞሽ ይወርዳል፣ ፍሬኑን ለሚያስፈልግሽ ሰዓት ታስቀምጭዋለሽ። በፍሬን ብቻ ከወረድሽ ሸራው ይግላል፣ ከጋለ አይዝም፣ የዛኔ መሪሽን ይዘሽ ማርያምን መጥራት ነው። አውቶማቲክም በዝቅተኛ ማርሽ ይያዛል እኮ፣ ኤል የምትለው ፊደል ለዛ ነው የተቀመጠችው፣ ግን ስንት ሰው ይነካታል? እኔ ያየሁት ሁሉ ዲ ላይ አርጎ ፍሬኑን እያሸተተ ነው የሚወርደው።

ግን ላጋንን አልፈልግም። ኢንተርኔት ላይ "ማንዋል የያዘ ልጅ ስልክ አይነካም፣ እጁ ስራ ይዟል" የሚሉ አሉ፣ ቀልድ ነው። የሚኒባስ ሹፌሮቻችንን አይተው አያውቁም ማለት ነው፣ ማርሽ ቀይሮ፣ መልስ ቆጥሮ፣ ጫት ቀንጥሶ፣ ስልክ አናግሮ፣ አንድ እጅ ይተርፈዋል። ማንዋል ከአደጋ አያድንም። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው፣ ማንዋል መኪና ለጀማሪ ዝም ብሎ አይታዘዝም። አውቶማቲክ እግርህን ከፍሬን ስታነሳ ራሱ መሄድ ይጀምራል፣ ሳታስበው 60 ገብተሃል። ማንዋሉ ግን ካልሰማኸው ይጠፋብሃል፣ ያንገጫግጭሃል፣ ያዋርድሃል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ልጄ በመኪናው እንዲዋረድልኝ ነው የፈለግኩት በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በዓለም ላይ በአንደኝነት የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው፣ በሽታ አይደለም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ቢያፍር ምን ይለዋል ብያለሁ።

እሺ ማንዋል ይሁን፣ የቱ ማንዋል? ለኔ ከባዱ ይሄ ነበር፣ ማንም አልነገረኝም። ጅማ ውስጥ በአቅማችን የሚገኘው ጥሩ ማንዋል ብዙው አሮጌ ነው፣ አሮጌ ሲሆን ደግሞ ኤርባግ የለውም ኤቢኤስ (ፍሬን ድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የለውም። አዲስ የሚመስሉት፣ ኤርባግ ያላቸው፣ አብዛኞቹ አውቶማቲክ ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ ሳይሆን ማንዋል ወይስ ኤርባግ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ ስል ደላላው ሳቀብኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ አጋሮ ሄጄ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ሀጂ ናቸው፣ መኪናዋን እንደ ልጅ ነው የያዟት፣ ወንበሩ ላይ ዳንቴል አለ። እውነት ለመናገር ልቤ እዛው ቀርቷል። ሀጂ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፣ "ልጄ፣ ይቺ መኪና ዋሽታኝ አታውቅም" አሉኝ፣ ደስ ይላል ሲናገሩ። ግን የኋላ ወንበሩ ቀበቶ የለውም፣ የፊቱ አለ፣ ሲጎትቱት ተመልሶ አይገባም። መካኒካችንን ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ሲሞክራት ፍሪሲዮኗም አልቋል። እያዘንኩ ቡናዬን ጠጥቼ አመስግኜ መጣሁ። ሀጂ አልተቀየሙኝም፣ እንደውም ማር ሰጡኝ።

ከዛ ቪትዝ ነበረች፣ "ንክች ያላለች፣ ሴት የነዳቻት" ብሎ ደላላው ፎቶ የላከልኝ (ይሄ "ሴት የነዳቻት" የሚሉት ነገር ሁሌ ያስቀኛል፣ እኔ የነዳሁትን ኮሮላ ቢያዩ ይሄን ቃል ድጋሚ አይሉም)። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን አገር ስሟ ነው፣ ለሌላው ዓለም በብዛት ያሪስ ተብላ ነው የተሸጠችው፣ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እና መሪው ግራ የሆነች ቪትዝ ካያችሁ አንድ ቦታ ተፈትታ ተገልብጣለች ማለት ነው። አንዳንዱ በደንብ ተሰርቶ ይሆናል፣ አልክድም። እኔ ያየኋት ግን ዋይፐሯ የሚጠርገው ተሳፋሪው ፊት ያለውን መስታወት ነው፣ ሹፌሩ ፊት ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ቦታ ሳይጠረግ ይቀራል። ጅማ ላይ! ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት በማይለቅበት አገር! መካኒኩ ዳሽቦርዱ ስር ጎንበስ ብሎ በባትሪ አይቶ ሲነሳ ምንም አላለኝም፣ ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ። ተውኩት።

አልቶም አስበን ነበር፣ ትንሽ ናት፣ ነዳጅ አትበላም፣ ነዳጅ እዚህ ከተማ ምን ያህል እንደሚያሰልፍ ታውቃላችሁ፣ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር እንዳንገዛ። ግን በፈረንጆቹ 2014 ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው መኪና እያጋጨ ደህንነቱን የሚፈትን ድርጅት ኤርባግ የሌላትን አልቶ 800 በ64 ኪሎሜትር ፍጥነት አጋጭቷት ዜሮ ኮከብ ነው የሰጣት። ዜሮ። ቪዲዮውን ማታ ብቻዬን አየሁት፣ አሻንጉሊቱ ጭንቅላቱ መሪው ላይ ሲያርፍ ስልኩን ዘጋሁና ተኛሁ፣ አልተኛሁም እንጂ።

በመጨረሻ ያገኘናት ያሪስ ናት፣ የአውሮፓ፣ ፈረንሳይ የተገጣጠመች 2003 ሞዴል፣ ባለ 998 ሲሲ፣ አምስት ማርሽ፣ ሁለት ኤርባግ፣ ኤቢኤስ። መሪዋ ከፋብሪካው ግራ ነው። ዋጋዋን አልጽፍም፣ ሚሊየን የሚባለውን ቃል እንደዋዛ መጥራት ለመድን፣ ለደላላው የሰጠሁትን ደግሞ ባለቤቴም ይሄን ስለሚያነብ ጭራሽ አልጽፍም።

የፍተሻው ቀን ግን ይጻፍ፣ ምክንያቱም ማንዋል አሮጌ መኪና የምትገዙ ከዚህ አንድ ሁለት ነገር ትወስዳላችሁ። መካኒካችን ቆጪ ሰፈር ነው ያለው፣ ጢሙ ሁሉ ሸብቷል፣ እኔ ጋሼ እለዋለሁ እሱ ልጄ ይለኛል። "ሞተሯን እንዳታስነሱ ቀዝቅዛ ጠብቁኝ" ብሎ አስቀድሞ ደወለ። ሻጭ ሞተር አሙቆ ከጠበቀ የሚደብቀው አለ ነው የሚለው። መጣ፣ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እሺ አለ። አስነሳት። ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኖ ሬዲዮውን አጠፋ፣ እኛንም ዝም በሉ አለን፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ረገጠ፣ ለቀቀ። ልጄ "ምን እየሰማህ ነው ጋሼ?" አለው። "ስትረግጠው የሚመጣ ድምፅ ካለ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ስትረግጠው የሚጠፋ ድምፅ ካለ ደግሞ የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ነው፣ እሱ ይብሳል።" የኛዋ ሁለቱም የላትም።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን እስከ ላይ ሳበ። ሶስተኛ ማርሽ አስገባ። ነዳጅ ትንሽ ሰጠና ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። መኪናዋ አንዴ እንደ ማስነጠስ አለችና ድርግም ብላ ጠፋች። እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ ፈገግ አለ። የአጋሮዋ ዲኤክስ ይሄንኑ ስትደረግ አልጠፋችም ነበር፣ እያጓራች ቀጠለች፣ ማለት ሞተሩ ይዞራል ሸራው አልቆ ስለሚንሸራተት ጎማው ጋ አይደርስም። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ እቃው ብቻ አይደለም የእጅ ዋጋውም አለ። ከዛ መንገድ ላይ አወጣትና ከሶስተኛ ወደ ሁለተኛ ቶሎ ቶሎ ሲያወርዳት ክርርር የሚል ነገር አለ ወይ ብሎ አዳመጠ፣ ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጁ አንስቶ ማርሹ በራሱ ይወጣል ወይ ብሎ ጠበቀ። ቁልፉን ሲያዞር የኤርባግ መብራቷ በርታ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባት፣ ጭራሽ ካልበራች አንዱ አምፖሏን ነቅሏት ሊሆን ይችላል አለን፣ ይሄን እኔ አላውቅም ነበር። በርታ ጠፋች። ያገኘባት ነገር የኋላ ግራ ጎማ አልቋል፣ ከካምቢዮው ስር ትንሽ ላብ የመሰለ ዘይት፣ በቃ። በዛ ተከራከርን፣ ትንሽ ቀነሱልን።

ልምምዱን እሁድ ጠዋት ጀመርን፣ ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ጭር ሲል። ልጄ ማሰልጠኛ ቤት በሌላ መኪና ነው የለመደው፣ የእያንዳንዱ ፍሪሲዮን የሚይዝበት ቦታ ይለያያል፣ የኛዋ ከላይ ነው የምትይዘው፣ እና እንዴት እንደጠፋችበት አትጠይቁኝ፣ እኔ እስከ አስራ አንድ ቆጥሬ ተውኩት። "ፍሪሲዮኑን ቀስ አርገህ ልቀቅ አባቴ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ!" የመጨረሻዋን ቀስ በጩኸት ነው የምላት፣ ቀስ የሚል ቃል ተጩሆበት ያውቃል? "እማዬ አንቺ ስትጮሂ እኮ ነው የሚጠፋው" አለኝ። ዝም አልኩ። ነዳ። ይሄን ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ሜዳው ላይ ሲሻለው ጅሬን እንውጣ አልኩ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት የሚያወጣው ዳገት፣ እዛ ላይ ቆሞ መነሳት ከቻለ የትም ይችላል ብዬ። እና አጋማሹ ላይ ላሞች ገቡ፣ ቆምን። ላሞቹ አለፉ። ከኋላችን ባጃጅ፣ ከባጃጁ ኋላ ሌላ ባጃጅ። ልጄ አንደኛ አስገባ፣ ለቀቀ፣ ጠፋች፣ ወደ ኋላ ትንሽ ተንሸራተተች፣ ፍሬን ያዘ። አስነሳ፣ ደግሞ ጠፋች። ባጃጁ ጥሩምባውን ያዘው። ጆሮው ሲቀላ ከጎኑ ይታየኛል፣ አንገቱ ላይ ላብ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ሳለ አንድ ከስምንት ዓመት የማይበልጥ ልጅ፣ ባዶ እግሩን፣ ከጉድጓዱ ዳር ድንጋይ አንስቶ እየሮጠ መጣና ከኋላ ጎማችን ስር ክትት አርጎ ወሸቀልን። ማንም ሳይጠራው። ወያላ ሲያደርግ አይቶ ነው መቼም። ቆመና በእጁ "ሂድ ሂድ" ይለናል።

ድንጋዩ ሲገባ ልጄ ትከሻው ወረደ። መኪናዋ ወደ ኋላ እንደማትሄድ ሲያውቅ ጊዜ አገኘ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ አንደኛ፣ ነዳጅ ትንሽ፣ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ድረስ ለቀቀ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ከፍ ስትል ተሰማኝ፣ እሱም ተሰማው፣ የእጅ ፍሬኑን አወረደ፣ ወጣን። ባላንስ የሚሉት እሱ ነው፣ ማሰልጠኛ ቤት ሲነግሩት አልገባውም ነበር። ግን ባላንስ ላይ ይዞ መቆም እንዳይለምድ ወዲያው ነገርኩት፣ ብዙዎች ዳገት ላይ ሰልፍ ሲሆን በፍሪሲዮን አንጠልጥለው ይጠብቃሉ፣ ሸራውን የሚበላው እሱ ነው፣ የእጅ ፍሬን የተፈጠረው ለዛ ነው። ላይ ደርሰን ስንመለስ ልጁን ፈለግነው፣ ድንጋዩ መንገዱ መሃል እንዳለ ነው፣ እሱ የለም። ልጄ ወርዶ ድንጋዩን ከመንገዱ አነሳና ይጥለዋል ስል የኋላ ኮፈን ከፍቶ አስገባው። እስካሁን አለ፣ እዛ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማል፣ አውጣው ብለው አሻፈረኝ አለ።

ሁለት ሶስት ህግ አወጣሁ፣ ለስድስት ወር ማታ የለም፣ ኋላ የሚቀመጥም ቀበቶ ያስራል፣ ከሁለት ጓደኛ በላይ አይጫንም። ሶስተኛዋ አስኮረፈችው። ከቀልቤ ያመጣኋት አይደለችም ግን፣ ጅማ ወደ 1780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። እና ይቺ 998 ሲሲ እዚህ ፋብሪካው አላት ያለውን ጉልበት አትሰጥም፣ አምስት ጎረምሳ ጭና ዴዶ ዳገት ላይ አይሱዙ ልትቀድም ብትል ምን እንደሚፈጠር እኔ አስቤዋለሁ፣ እሱ ባያስበውም።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሳያጠፋ አጂፕ አካባቢ አቁሟት ሄዶ ባትሪው ሞተበት። ደወለልኝ፣ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። ማታ ቤት ስገባ መኪናዋ ግቢ ውስጥ አለች። "እንዴት አመጣሃት?" ስለው ባጃጅ ልጆች ገፍተውለት ነው፣ ቁልፉን አብርቶ፣ ሁለተኛ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ስትሮጥለት ድንገት ለቀቀ፣ ተነሳች። ማን አሳየህ ስለው አንደኛው ባጃጅ ነጂ ነው፣ ሶስት ማኪያቶ ተበድሬያለሁ አለኝ። ለወንድሜ ደውዬ ይቺን ነገርኩት፣ አውቶማቲክህ እስቲ ተገፍታ ትነሳ አልኩት። "ኤሌክትሪክ ሲሆን…" ብሎ ሲጀምር ኔትወርክ ተቋረጠ፣ እኔ አይደለሁም የዘጋሁት።

ትናንት የእናቴ ቀጠሮ ነበር። አብሬ ሄድኩ፣ የመጀመሪያው ስለሆነ። እናቴን ፊት ተቀመጪ ስንላት እምቢ አለች፣ ኋላ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቀበቶዋን አስረን፣ አይኗን ጨፍና መቁጠሪያዋን ይዛ። ከሰርቦ እንደወጣን ዝናብ ጀመረ። ልጄ ዝም ብሎ ይነዳል፣ እኔም ዝም፣ እግሬ ብቻ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አንዷ ዳገት ላይ አራተኛ ይዞ ገባ፣ መኪናዋ መንገታገት ጀመረች፣ እኔ አፌን ልከፍት ስል ከኋላ፣ አይኗን ሳትገልጥ፣

"ልጄ፣ ከብዷታል፣ ሶስተኛ ግባላት" አለች እናቴ።

መሪ ይዛ አታውቅም። ኤንትሬው ውስጥ አባቴ ጎን ስንት ዓመት እንደተቀመጠች ግን ትዝ አለኝ። ልጄ በመስታወት አያት፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ሶስተኛ ገባ፣ ቀስ አርጎ ለቀቀ።

"እንደሱ" አለችና መቁጠሪያዋን ቀጠለች።